«አትጠይቅ፣ አትናገር»፦ የአሜሪካ ሠራዊት ሕግ ታሪክና የሠራዊቱ ካህናት ሕሊና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሀገረ አሜሪካ ከሚኖሩ ምእመናን መካከል በዚያች ሀገር የጦር ሠራዊት የሚያገለግሉ፣ ልጆቻቸውንም ወደ ሠራዊቱ የላኩ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የአሜሪካ ሠራዊት ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ባይኖራቸውም በሕጋዊ መንገድ የገቡ የውጭ ሀገር ተወላጆችን ስለ ቋንቋ ችሎታቸው ሲቀበል፣ ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሠራዊት ውስጥ ያለው ሕግና ሥርዓት ለእኛ ወገን የሩቅ ሀገር ወሬ ብቻ አይደለም።

የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ያላቸው ሰዎች በሠራዊቱ ውስጥ ማንነታቸውን ሳይደብቁ እንዲያገለግሉ የተፈቀደው መቼና እንዴት ነው? የሠራዊቱ ካህን ከእምነቱ ጋር የሚቃረን ሥርዓት እንዲፈጽም ይገደዳልን? ወታደር ለካህን የነገረው ምሥጢርስ ይጠበቃልን? ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት እንደ ሆነ የምታስተምረው ትምህርት የታወቀና የጸና ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ትምህርት መድገም ሳይሆን፣ የሰው ሀገር ሕግ ምን እንደ ነበረና ምን እንደ ሆነ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት ለምእመናን ማስረዳት ነው።

ስለ ቃላትና ስለ ዘመን አቆጣጠር

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአማርኛ «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ድርጊትን ያመለክታል። የምንነጋገርበት ሕግ ግን ሦስት ነገሮችን ለይቶ ይመለከት ነበር፤ እነርሱም ዝንባሌ፣ ድርጊትና ንግግር ናቸው። ይህን ልዩነት ሳይዙ የሕጉን ታሪክ መረዳት አይቻልም። ስለሆነም ስለ ሰዎቹ ስንናገር የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ያላቸው እንላለን፤ ሕጉ ድርጊትን በሚመለከትበት ስፍራ ደግሞ ድርጊት እንለዋለን።

ከ1993 በፊት የነበረው ሥርዓት

ጉዳዩ ከአሜሪካ ሠራዊት ምሥረታ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። በ1778 የጆርጅ ዋሽንግተን ሠራዊት በቫሊ ፎርጅ ሰፍሮ ሳለ ጎትሆልድ ፍሬድሪክ ኤንስሊን የተባለ መኮንን በግብረ ሰዶም ሙከራና በሐሰት መሐላ ተከሶ በጦር ፍርድ ቤት ከተፈረደበት በኋላ ከሠራዊቱ ተባርሯል፤ ዋሽንግተንም ፍርዱን አጽድቋል።

ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን የሚያስቀጣው ድርጊቱ ነበር። ሰውየውን በዝንባሌው ብቻ ለይቶ ማስቀረት የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ የአእምሮ ሐኪሞች በምልመላ ላይ ተመልማዮችን መመርመር ሲጀምሩ ነው። ሳይታወቅባቸው ከገቡት መካከል በኋላ የተገኙት ብዙዎች «ሰማያዊ ስንብት» በተባለ ወረቀት ይሰናበቱ ነበር። ስያሜውን ያገኘው ወረቀቱ ሰማያዊ ስለ ነበረ ነው። ይህ ስንብት የክብር አልነበረም፤ ውርደት ነው ተብሎም አልተጻፈበትም። ነገር ግን በ1944 ለተመላሽ ወታደሮች ትምህርትና የቤት መሥሪያ ብድር የሰጠው ሕግ ሲወጣ፣ የተመላሾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰማያዊ ወረቀት የያዙትን የጥቅሙ ተካፋይ እንዳይሆኑ ከልክሏል። ሥራ ፍለጋ የሄደም ወረቀቱን ሲያሳይ ነገሩ ይታወቅበት ነበር።

በ1950 ለሁሉም የጦር ክፍሎች አንድ የሆነ የወታደራዊ ፍትሕ ሕግ ታወጀ፤ በአንቀጽ 125ም ግብረ ሰዶምን ወንጀል አደረገ። በ1957 የባሕር ኃይሉ ራሱ ያቋቋመው የክሪተንደን ኮሚቴ እንዲህ ያሉ ሰዎች ለሀገር ምሥጢር አደጋ ናቸው ለሚለው አስተሳሰብ በቂ መሠረት እንዳላገኘ ጽፏል፤ ሪፖርቱ ግን ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ።

በ1975 በቬትናም ጦርነት ቆስሎ የተሸለመው የአየር ኃይል ሳጅን ሊዮናርድ ማትሎቪች ዝንባሌውን ለአለቆቹ በግልጽ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመትም ተሰናበተ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ባወጣው መመሪያ ግብረ ሰዶማዊነት ከውትድርና አገልግሎት ጋር ፈጽሞ እንደማይስማማ ደነገገ። ከ1981 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት በዚህ ምክንያት የተሰናበቱት ወደ 17,000 እንደሚደርሱ የኮንግረሱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አረጋግጧል።

የመመሪያው ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የታወቀ ነው። ወታደሮች በአንድ ክፍል ያድራሉ፤ በአንድ ስፍራ ይታጠባሉ፤ በአንድ ምሽግ ይውላሉ፤ ስለዚህ የእርስ በርስ መተማመናቸውና ሥነ ሥርዓታቸው ይጎዳል ይሉ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሰው ሊመዘን የሚገባው በሥራው፣ ሊቀጣ የሚገባውም በጥፋቱ ነው ብለው ይመልሱ ነበር።

የ1993ቱ ሕግ ምን ይል ነበር?

ቢል ክሊንተን በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ እገዳውን እንደሚያነሡ ቃል ገብተው ነበር። ሥልጣን ሲይዙ ግን የጦር አዛዦች ጉባኤ ሊቀ መንበር ጄኔራል ኮሊን ፓወል፣ እንዲሁም የሴኔቱ የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳም ነን ተቃወሟቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ አማካይ መንገድ ተብሎ የተወሰደው ከግሪክ ስደተኞች ቤተሰብ የተወለደው የወታደራዊ ማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ቻርለስ ሞስኮስ የነደፈው ሐሳብ ነበር። ሕጉ ኅዳር 1993 ተፈረመ፤ በ1994 መጀመሪያም በሥራ ላይ ዋለ። ሕዝቡም «አትጠይቅ፣ አትናገር» ብሎ ጠራው።

ብዙዎች ይህን ሕግ እንደ ፈቃድ ያስቡታል፤ እንዲህ ግን አይደለም። የሕጉ ቃል የቀደመውን እገዳ አጽንቶ፣ እንዲህ ያለ ድርጊት የመፈጸም ዝንባሌ የታየበት ሰው በሠራዊቱ መኖሩ ለሥነ ሥርዓትና ለአንድነት አደጋ እንደ ሆነ ይናገር ነበር። አዲሱ ነገር ተመልማዩ በመግቢያው ላይ ስለ ዝንባሌው አለመጠየቁ ነው። አዛዡም ተጨባጭ መረጃ ሳይኖረው ምርመራ እንዳይጀምር ተከልክሏል።

ለስንብት የሚያበቁት ነገሮች ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ድርጊት፣ ሁለተኛው ከተመሳሳይ ጾታ ጋር መጋባት ወይም ለመጋባት መሞከር፣ ሦስተኛው ንግግር ነው። ወታደሩ ዝንባሌውን በቃሉ ከገለጠ፣ ድርጊቱን ይፈጽማል ወይም ሊፈጽም ያስባል ተብሎ ይገመት ነበር። ይህን ግምት የማፍረስ ሸክም የወደቀው በራሱ በወታደሩ ላይ ነው። እንግዲህ አንድ ወታደር ምንም ሳያደርግ እውነቱን በመናገሩ ብቻ ሊሰናበት ይችል ነበር ማለት ነው። የሕጉ ታላቅ ችግር ከዚህ ላይ ይጀምራል።

የሕጉ ፍሬ

ሕጉ በቆየባቸው ወደ 17 የሚጠጉ ዓመታት ከ13,000 የሚበልጡ ወታደሮች ተሰናብተዋል። ቁጥሩ ከፍተኛ የነበረው በ2001 ሲሆን በዚያ ዓመት ብቻ ከ1,200 በላይ ሰዎች ወጥተዋል። የአፍጋኒስታንና የኢራቅ ጦርነቶች ሰው ሲያሻሙ ስንብቱ እያነሰ ሄደ፤ በ2009 ከዚያ ቁጥር ከግማሽ በታች ሆነ። ይህም ራሱ ጥያቄ አስነሣ፤ ሰዎቹ ለሠራዊቱ አደጋ ከሆኑ፣ አደጋው በጦርነት ጊዜ እንዴት ያንሳል?

ከተሰናበቱት መካከል ከ50 በላይ የሚሆኑት ዐረብኛ የተማሩ የቋንቋ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ይህም የሆነው ሠራዊቱ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው አጥብቆ በሚፈልግበት ወራት ነው። የኮንግረሱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2005 ባወጣው ሪፖርት፣ በሕጉ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት የወጡትን ለመተካት ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ወጣ ገምቷል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው የደም ዋጋ ነው። ሕጉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በጥቅምት 1992፣ የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበረው አለን ሺንድለር በጃፓን ሳሴቦ ከተማ በመርከብ ጓደኛው ተደብድቦ ሞተ። ሐምሌ 1999 ደግሞ ባሪ ዊንቸል የተባለ የ21 ዓመት ወታደር በኬንታኪው የፎርት ካምቤል ጦር ሠፈር በተኛበት በጓደኛው እጅ ተገደለ። ዊንቸል ከመሞቱ በፊት ሲሰደብና ሲዋከብ ሰንብቷል። አቤቱታ ማቅረብ ግን ምርመራን ወደ ራስ መጥራት ሊሆን ይችል ስለ ነበር፣ በዚያ ሕግ ሥር የተበደለ ሰው ጩኸቱን ይውጠው ነበር።

ሕጉ የተሻረበት መንገድ

የካቲት 2 ቀን 2010 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስና የጦር አዛዦች ጉባኤ ሊቀ መንበር አድሚራል ማይክ ማለን በሴኔቱ ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። አድሚራሉ የግል አስተያየታቸውን ሲሰጡ፣ ባልንጀራውን ለመጠበቅ ነፍሱን የሚሰጥን ወጣት ስለ ራሱ እንዲዋሽ የሚያስገድድ ሥርዓት ሕሊናቸውን እንደሚያውከው ተናገሩ። ነገሩን የታማኝነት ጉዳይ አድርገው አቀረቡት፤ የወታደሩም ታማኝነት፣ የተቋሙም ታማኝነት ማለታቸው ነበር። ክርክሩን ከ«ማን ይግባ?» ወደ «ሠራዊቱ እውነትን ከወታደሩ እየጠበቀ ውሸትን ሊያዝዝ ይችላልን?» ወደሚል ጥያቄ የወሰደው ይህ ንግግር ነው።

ከዚያ በኋላ ጄህ ጆንሰንና ጄኔራል ካርተር ሃም የመሩት የጥናት ቡድን ወደ 115,000 ከሚሆኑ ወታደሮች መልስ ሰበሰበ። ኅዳር 30 ቀን 2010 በወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከመለሱት 70 በመቶ ያህሉ የሕጉ መሻር በጎ ወይም የተቀላቀለ ውጤት ይኖረዋል፣ ወይም ምንም ለውጥ አያመጣም ብለው አስበዋል። ተቃውሞው ግን ቀላል አልነበረም። የማሪን ጦር አዛዥ ጄኔራል ጄምስ ኤመስ ለውጡ በጦር ግንባር ያለውን ወታደር ሐሳብ ከፋፍሎ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል ብለው በግልጽ ተቃወሙ።

ታኅሣሥ 15 የተወካዮች ምክር ቤት በ250 ለ175፣ ታኅሣሥ 18 ደግሞ ሴኔቱ በ65 ለ31 ድምፅ ሕጉ እንዲሻር ወሰኑ። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ታኅሣሥ 22 ቀን 2010 ፈረሙ። ሠራዊቱ ሥልጠናውን ከፈጸመ በኋላ መስከረም 20 ቀን 2011 ሕጉ ፈጽሞ ተሻረ። ተቃዋሚ የነበሩት ጄኔራል ኤመስ ውሳኔው ከጸደቀ በኋላ ጦራቸውን ለትእዛዙ አዘጋጅተዋል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም አፈጻጸሙ ያለ ችግር እንደ ሄደ መስክረዋል።

የሠራዊቱ ካህናትና ሕሊናቸው

ለምእመናን ይበልጥ የሚያሳስበው ክፍል ይህ ነው። የአሜሪካ ሠራዊት ከ1775 ጀምሮ መንፈሳዊ አገልጋዮች አሉት፤ «ቻፕሊን» ይባላሉ። የግሪክ፣ የአንጾኪያና የሌሎች ምሥራቃውያን ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ካህናትም በዚህ አገልግሎት አሉ። እያንዳንዱ ቻፕሊን የመኮንንነት ማዕረግ ቢኖረውም፣ የላከው የራሱ ቤተ እምነት ነው። ቤተ እምነቱ ድጋፉን ካነሣ ሰውየው በቻፕሊንነት ሊቀጥል አይችልም። ስለዚህ ሁለት ታዛዥነት አለበት፤ አንዱ ለአዛዡ፣ ሌላው ለላከችው ቤተ ክርስቲያን።

ሕጉ ሊሻር ሲል ካህናቱ ከእምነታቸው ውጭ እንዲያስተምሩ ወይም ሥርዓተ ጋብቻ እንዲፈጽሙ ይገደዳሉ የሚል ስጋት ተነሥቶ ነበር። በእውነት የሆነውን በቅደም ተከተል እንይ።

አንደኛ፣ የ2010ሩ ሪፖርት ነባሩ ደንብ እንዳልተለወጠ አረጋገጠ። ቻፕሊን ከእምነቱ ሥርዓት ጋር የሚቃረን ሃይማኖታዊ አገልግሎት እንዲፈጽም አይገደድም፤ ስብከቱንም እንዲለውጥ አይታዘዝም። ሁለተኛ፣ መስከረም 30 ቀን 2011 የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ባወጣው መግለጫ፣ አንድ ቻፕሊን ሕግ በሚፈቅድበት ስፍራ የግል ሥነ ሥርዓት ሊመራ እንደሚችል፣ ከእምነቱ ጋር ካልተስማማ ግን ግዴታ እንደሌለበት ገለጸ። ሦስተኛ፣ ጥር 2013 የተፈረመው ዓመታዊ የመከላከያ ሕግ ይህን ጥበቃ ከመመሪያ ወደ ሕግ ከፍ አደረገው። ማንም አዛዥ ቻፕሊንን ከሕሊናው ጋር የሚጋጭ ሥርዓት እንዲፈጽም ሊያስገድደው፣ እምቢ በማለቱም በሹመቱም ሆነ በምደባው ሊበድለው አይችልም።

የጥበቃው ሁለተኛ ገጽ ደግሞ ግዴታ ነው። ቻፕሊኑ ሥርዓቱን እምቢ ሊል ይችላል፤ ሰውን ግን እምቢ ሊል አይችልም። የተጨነቀ፣ ወዳጁ የሞተበት፣ ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ወታደር ወደ እርሱ ሲመጣ፣ ዝንባሌው ምንም ይሁን ምን፣ ተቀብሎ ሊሰማው ይገባዋል። በራሱ ሊያደርገው የማይችለው አገልግሎት ቢሆን እንኳ ወደሚችል ሰው ሊያደርሰው ይገባል።

ስለ ምሥጢርም እንዲሁ ነው። በወታደራዊው የማስረጃ ደንብ ቁጥር 503 መሠረት፣ ወታደር ለመንፈሳዊ አገልጋይ በሕሊና ጉዳይ የነገረው ቃል የተጠበቀ ነው። «አትጠይቅ፣ አትናገር» በሚሠራበት ዘመን ሐኪምና አለቃ እንኳ በማይታመኑበት ሠፈር፣ ለብዙ ወታደር እውነቱን ሊያወጣ የሚችልበት ስፍራ የካህኑ ክፍል ነበር። ምሥጢረ ንስሐን ለምናውቅ ለእኛ የዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው። የንስሐ አባት የሰማውን ለማንም አይገልጥም፤ ይህ ጥበቃ ከፈረሰ ወደ ንስሐ የሚቀርብ አይገኝም።

ከተሻረ በኋላ የሆነው

በ2013 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዊንድሰር ጉዳይ ከወሰነ በኋላ ሠራዊቱ የባልና የሚስት ጥቅማ ጥቅሞችን ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችም መስጠት ጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንቀጽ 125 በፈቃድ የሚፈጸመውን ድርጊት መቅጣቱ ቀረ፤ በኃይል የሚፈጸመው ግን ወንጀል እንደ ሆነ ጸንቷል። በሰኔ 2024 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በቀድሞው አንቀጽ በፈቃድ ለተፈጸመ ድርጊት ለተፈረደባቸው ሁሉ ምሕረት አደረጉ። በዚያው ዓመት ጥቅምት መሥሪያ ቤቱ ከ800 በላይ ተሰናባቾችን መዝገብ አርሞ ስንብታቸው በክብር እንዲጻፍ አድርጓል። ጾታቸውን ስለሚለውጡ ሰዎች የሚደረገው ክርክር በሌላ መመሪያ የሚመራ የተለየ ጉዳይ ስለ ሆነ ከዚህ ጋር ሊደባለቅ አይገባም።

በሌሎች ሀገሮች

ኔዘርላንድስ እገዳውን በ1974 በማንሣት ቀዳሚ ሆነች። ካናዳና አውስትራሊያ በ1992፣ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን የሚያገለግሉበት የእስራኤል ሠራዊትም በ1993 ገደባቸውን አነሡ። እንግሊዝ በ1999 በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ከተፈረደባት በኋላ በ2000 እገዳውን ያነሣች ሲሆን፣ በ2023 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ለተሰናበቱት በፓርላማ ይቅርታ ጠይቀዋል። በሀገራችን ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ለሲቪሉም ለወታደሩም ስለሚከለክል፣ በግልጽ የማገልገል ጥያቄ በሕግ ደረጃ አይነሣም።

ምእመናን ሊያስተውሉት የሚገባ

ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ ግፍ እንዳይሠሩ፣ ማንንም በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው አዘዛቸው (ሉቃ. 3፥14)። ለጦር ሠፈር ከተሰጡት ትእዛዛት አንዱ ስለ ሐሰት መሆኑን ልብ እንበል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንያዝ። መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ሠራዊት ያሉ ካህናት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ እንዲፈጽሙ ይገደዳሉ የሚለው ወሬ ከሕጉ ጋር አይስማማም። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ለመጠበቅ ሐሰተኛ ወሬ አያስፈልገንም፤ ትምህርቷ በእውነት ይቆማል። ሁለተኛ፣ ሺንድለርንና ዊንቸልን የገደሉ እጆች ከቅድስና የተነሡ አይደሉም። ኃጢአትን አለመቀበል አንድ ነገር ነው፤ ሰውን መስደብ፣ ማዋከብና መደብደብ ግን ራሱ ኃጢአት ነው።

ሦስተኛው ለወላጆችና ለንስሐ አባቶች ነው። በውትድርና ያለ ልጅ ከብዙ ዝምታ በኋላ ስለ ራሱ የከበደውን ነገር ሊነግረን አንድ ቀን ቢመጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንስማው። በሠፈሩ ለ17 ዓመታት ያህል ዝም በል የሚል ሕግ ነበር፤ በቤታችንና በአባቶች ፊት ግን እንዲህ ያለ ሕግ ሊኖር አይገባም። ምክር፣ ቀኖናና ጸሎት የሚከተሉት እውነት ከተነገረ በኋላ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።